የአጻጻፍ ስልትና የቃላት ዕድል፦ ከባለቅኔው፣ ከፈላስፋውና ከተማሪው የወረስነው

የስያሜ ሥራ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ቃል ፈልጎ መስጠት ብቻ ተደርጎ ሲቈጠር እናያለን። ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት አለው። ቃል ግን ወደ መዝገባችን የሚመጣው ራቁቱን አይደለም፤ አስቀድሞ ሲያገለግልበት የኖረውን የአጻጻፍ ስልት ለብሶ ነው። ባለቅኔው ሐሳቡን ይሰውራል፤ ፈላስፋው ይመረምራል፤ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪ ደግሞ ያውጃል። ሦስቱም ሐሳባቸውን በገለጹበት ስልት አማካይነት ለአማርኛ ቃላት አውርሰዋል፤ ቃላቱም የስልታቸውን ጠባይ እስከ ዛሬ አልተዉም። ይህን ውርስ ሳይመረምር ስያሜ የሚያወጣ ባለሙያ፣ ያላሰበውን ትርጉም ለአንባቢ ሊያቀብል ይችላል።

ከባለቅኔው እንጀምር። በአገራችን የቃላት ጥናት በኅትመት ከመታየቱ ከብዙ ዘመን በፊት በቅኔ ጉባኤ ሲካሄድ ኖሯል። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ስም በሚታወቁት የቅኔ ቤቶች ተማሪው ግስ ያጠናል፤ እርባ ቅምር ይለያል፤ አገባብ ይማራል፤ ከዚያም የራሱን ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ ሥላሴ በስድስት፣ መወድስ በስምንት ቤት ይቆማል። ልኩ ጠባብ ስለ ሆነ ተማሪው የእያንዳንዱን ቃል ክብደት መዝኖ ከማስገባት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትና ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ ጥረት በ1948 ዓ.ም. የታተመው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት በርእሱ ውስጥ «ሰዋስው» እና «ግስ» የሚሉትን ቃላት መያዙ የዚሁ ትምህርት ቤት ልጅነቱን ይመሰክራል።

የዚህ ስልት ዋና ስያሜ ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያቀልጠው ሰሙ ይወጣና በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። በቅኔም ሰሙ የላይኛው መልእክት፣ ወርቁ የተሰወረው ቁም ነገር ነው። በኅብር ደግሞ አንዱ ቃል ብቻውን ሁለቱን ይሸከማል። ለምሳሌ «ዐረፈ» የሚለው ቃል ከድካም ማረፍንም ከዚህ ዓለም መለየትንም ይናገራልና ለባለቅኔ ጥሩ መሣሪያ ነው። በሕግ ወይም በሕክምና መዝገብ ውስጥ ግን ይኸው ሀብት ጉድለት ይሆናል። ባለቅኔው የሚፈልገውን መንታነት ስያሜ አውጪው ይሸሸዋል፤ ሁለቱም ግን የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው።

የፈላስፋው ስልት ሌላ መንገድ ይዟል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ» የግሪክ ጠቢባንን ስም እየጠራ በአጭር በአጭሩ ምክር ያቀርባል። «ፈላስፋ» የሚለው ቃል ራሱ መነሻው ግሪክ ሆኖ በዐረብኛ በኩል የተጓዘ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሙት ባለ አምስት ቅጽ ጥናት እንዳመለከቱት፣ የግእዙ ተርጓሚ ምንጩን ቃል በቃል አይከተልም፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ከአገሩ ስሜት ጋር ያስማማል። እዚህ ላይ ጥበቡ በምሳሌያዊ ንግግር ይነገራል እንጂ በክርክር አይረጋገጥም።

ክርክርን ስልቱ ያደረገው «ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ» ነው። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ በአክሱም አካባቢ ተወልዶ ቅኔና ትርጓሜ የተማረ፣ ኋላም ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠ ሰው ነው። በአንደኛ መደብ እየተናገረ ራሱን ይጠይቃል፤ ለጥያቄው መልስ ይሰጣል፤ መልሱንም መልሶ ይፈትነዋል። ዳኛ አድርጎ የሚያቀርበውም «ልቡና»ን ነው። ስለ መጽሐፉ ደራሲ የተነሣው ክርክር ለእኛ ሙያ ልዩ ትምህርት አለው። ቅጂው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በካፑቺኑ ሚሲዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ለአንቷን ዳባዲ ደረሰ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲሉ ጻፉ፤ ዩጀን ሚትቮኽም በ1934 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ደገፉ። ሰምነር ግን መጽሐፉ የኢትዮጵያዊው ነው ብለው ተከራከሩ። ነገሩ ዛሬም አልተዘጋም። በሁለቱም ወገን ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል የቋንቋው አያያዝ ይገኝበታል፤ ሐሳቡ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ስልቱ ምስክር ሆኖ ተጠርቷል ማለት ነው።

«ሐተታ» የሚለው ቃል የደረሰበት ዕድልም ሊታይ ይገባዋል። «ሐተተ» በግእዝ መረመረ፣ ጠየቀ ማለት ነው። በአንድምታ መጻሕፍት ውስጥ ቃሉ ከትርጓሜው ጎን ለሚገባ ማብራሪያ መጠሪያ ሆነ። በዛሬው አማርኛ ደግሞ ሰፊ ገለጻ ማለት ነው፤ «ሐተታ አበዛ» ስንልማ ወቀሳ ይሆናል። መጠየቅ የነበረው ቃል ማብዛት ወደ መሆን የወረደው በስልት ለውጥ ምክንያት ነው። ስለዚህ የፍልስፍና ተርጓሚ ለምርመራ «ሐተታ»ን ሲመርጥ፣ አንባቢው የትኛውን እንደሚሰማ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ሦስተኛው ወገን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ይነበቡ የነበሩት ግጥሞች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማኅበራዊ ጥያቄን በአደባባይ አሰሙ። የሁለቱን ታዋቂ ግጥሞች ርእስ ብቻ እንመልከት። በ1953 ዓ.ም. የቀረበው የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ማንም የሚሰማው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤቱም ደሃው ነው። በ1959 ዓ.ም. የቀረበው የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» ግን በግእዝ ዘርፍ አያያዝ ሁለት ተቃራኒዎችን ያጣመረ፣ የቅኔ ቤት ሽታ ያለው ስም ነው።

እነዚህ ሁለት መንገዶች በዚያው ትውልድ የፖለቲካ ጽሑፍ ውስጥ ስያሜ ሆነው ቀጠሉ። በአንድ በኩል «ላብ አደር» እና «ወዝ አደር» እንደ «አርሶ አደር» ባለ የታወቀ አካሄድ ስለ ቆሙ፣ ያልተማረ ሰው እንኳ በምን የሚያድር ሰው እንደ ሆነ ከቃሉ ይረዳል። በሌላ በኩል «አበየ»፣ ማለትም እንቢ አለ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣው «አብዮት» አለ፤ «ርእዮተ ዓለም» እና «ንቃተ ኅሊና»ም አሉ። እነዚህ ያማሩና የጸኑ ቃላት ናቸው፤ ግን አስተማሪ ይሻሉ። «ርእዮተ ዓለም» በቁሙ ዓለምን ማየት ማለት ሳለ ለአንድ የፖለቲካ አስተሳሰብ ሥርዐት ተወስኗል፤ ስለዚህ ሰው ዓለምን የሚያይበትን መንገድ ለመግለጽ የሚፈልግ ተርጓሚ «የዓለም አመለካከት» ወደሚል ሐረግ ለመሄድ ይገደዳል።

ከሁሉ የሚከብደው የ«ልቡና» እና የ«ኅሊና» ነገር ነው። ሐተታው ዳኛ ያደረገው «ልቡና» ዛሬ በ«ሥነ ልቡና» የአንድ ሳይንስ ስም ሆኗል። ከ«ኀለየ»፣ ማለትም ዐሰበ፣ የተገኘው «ኅሊና» በዕለት ንግግር ክፉንና በጎን የሚለየው የውስጥ ዳኛ ነው፤ በተማሪው ጽሑፍ ግን በ«ንቃተ ኅሊና» የፖለቲካ መንቃት መለኪያ ሆነ። አንባቢ «ኅሊና የለውም» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲገጥመው ሰውየው ግፈኛ ነው ወይስ ራሱን ስቷል ብሎ ቢጠራጠር፣ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። በሕክምና ወይም በፍርድ ቤት ትርጉም ይህ መንታነት በሰው ሕይወትና መብት ላይ ይደርሳል።

የአማርኛ ቋንቋ ብሔራዊ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የስያሜ ሥራ ተቋማዊ መልክ ይዟል። ከላይ የታየው ታሪክ ለዚህ ሥራ ሦስት ነገሮችን ያሳስባል። አንደኛ፣ በመዝገብ የሚገባ ቃል ፍቺው ብቻ ሳይሆን ያደገበት የአጻጻፍ ስልት ቢመለከት መልካም ነው። ሁለተኛ፣ ከግእዝ የሚወሰድ ስያሜ በአማርኛ ያገኘው ትርጉም ከግእዙ ጎን ለጎን ይመርመር። ሦስተኛ፣ አንባቢ ራሱ ሊፈታው የሚችል የአማርኛ ጥምር ካለ ያለ በቂ ምክንያት አይታለፍ። ለባለቅኔው ወርቁን መሰወር ክብሩ ነው፤ ስያሜ አውጪው ግን ሰሙን አቅልጦ ወርቁን በግልጽ የማስረከብ ግዴታ አለበት።