ከበረሃ የተገኘው የመስታወት ጢንዚዛ
የደረት ጌጥ፤ ከቱታንካሙን መቃብር፣ ግብፅ፤ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ

መስታወት የከበረ ድንጋይ ላጣ ሰው ማካካሻ ነበር የሚለው ግምት በዚህ ጌጥ ፊት አይጸናም። ወርቅና ላፒስ ላዙሊ የተባለው ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ የሞላው ንጉሥ በጌጡ መካከል ያስቀመጠው ይህን በጢንዚዛ ቅርጽ የተሠራ አረንጓዴ ቢጫ መስታወት ነው። መቃብሩን በ1922 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሃዋርድ ካርተር ካልሴዶኒ የተባለው ድንጋይ መስሎት ነበር፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገ ምርመራ ግን ከምዕራብ ግብፅ በረሃ የመጣ፣ 29 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የተፈጥሮ መስታወት መሆኑን አሳየ።

«ይህ ብርቅ የተፈጥሮ ግኝት እንጂ ሰው ያቀለጠው መስታወት አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚሁ ንጉሥ የወርቅ ጭምብል ላይ ሰው ሠራሽ ሰማያዊ መስታወት ከላፒስ ላዙሊ ጋር ጎን ለጎን ተሰክቷል። በግብፅ፣ አማርና በተባለው ስፍራ የተገኙት የሸክላ ደብዳቤዎችም ፈርዖን ከአስቀሎና ከተማ ገዥ ሳይቀር መስታወት ማዘዙን ይመሰክራሉ። ርካሽ ዕቃ ከሩቅ አገር በንጉሥ ትእዛዝ አይመጣም።

እበት የምታንከባልለው ጢንዚዛ የንጋት ፀሐይ አምላክ የኬፕሪ ምልክት ናት። ስለዚህ ለጌጡ ሠሪ ቁም ነገሩ የቁሱ ስም ሳይሆን ቀለሙና ብርሃን ማሳለፉ የነበረ ይመስላል። ጠጋ ብለው ይመልከቱት፤ ዛሬም ብርሃን ያሳልፋል።