«ምን ደረሰህ?»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበትን ቤት ታውቁታላችሁ። ውጤት ወጥቶ፣ ምደባው ታውቆ፣ ጎረቤት ለእንኳን ደስ አላችሁ ብቅ ሲል ልጁን «ምን መረጥክ?» የሚለው የለም። የሚጠየቀው «ምን ደረሰህ?» ተብሎ ነው። ልጁም «ሲቪል ደረሰኝ» ይላል፤ ወይም «አካውንቲንግ ነበር የሞላሁት፣ ሂስትሪ ደረሰኝ»። እስቲ ልብ በሉልኝ፤ በአማርኛችን እንዲህ የሚደርሱት ነገሮች ምን ምን ናቸው? እቁብ ይደርሳል። ሎተሪ ይደርሳል። ዲቪ ይደርሳል። ኮንዶሚኒየም ይደርሳል። ሁሉም እጣ ናቸው። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚተዳደርበትን ሙያ ከእቁብ ጋር በአንድ ግሥ ማሰራችን እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ደግሞ ግሥ ካየ አያልፍም። ስለዚህ ይህችን «ደረሰኝ» ከየት እንደመጣች ወደኋላ ልከተላት ነው።

ከጥንቱ ልጀምር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ ከዚያ ወዲያ ብዙ መንገድ ነበረው። ዜማ አለ፣ ቅኔ አለ፣ አቋቋም አለ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ አለ። እያንዳንዱም ስሙ የገነነ ደብር ነበረው። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ ያቀና ነበር። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ መንገድ ላይ ብጤውን ሲያገኝ የትኛው መምህር እንዴት እንደሚያስተምሩ፣ የትኛው አገር ለተማሪ እንደሚራራ ይጠይቃል። ኑሮው የሚያስቀና ነው እያልኩ አይደለም፤ ረሀቡ አለ፣ እከኩ አለ፣ የየደጁ ውሻ አለ። ለሴት ልጅማ መንገዱ የተከፈተ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ተማሪው ትምህርቱንና መምህሩን ፈልጎ በእግሩ ይጓዛል፤ አልሆን ሲለውም ወደ ሌላው ያመራል። የዚያ ዘመን ግሥ «ሄደ» ነበረ።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግሡ ተለወጠ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ትኩረቱ ቋንቋ ላይ ነበር፤ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገር ሰው ያስፈልግ ነበርና። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከዚህም በፊት ከዚህም በኋላ ወጣቶች ወደ ውጭ እየተላኩ ተምረዋል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። መላኩ በያን አሜሪካ ተልኮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠና። የዚህ ዘመን ግሥ እንግዲህ «ተላከ» ነው። አገር መሐንዲስ ካስፈለጋት መሐንዲስ እንዲሆን ይላካል፤ ልጅ ጨው እንዲያመጣ ሱቅ እንደሚላከው ማለት ነው። የተላከ ልጅ ደግሞ ስኳር ይዞ ቢመጣ ይቆጡታል።

ስኳር ይዞ የመጣ አንድ ሰው ግን አለ። አፈወርቅ ተክሌ በ1940 ዓ.ም. አካባቢ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ያስተማሩት መምህራን ግን የልጁን እጅ አዩ። ሥዕል እንዲማር አበረታቱት፤ ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተማረ። ዛሬ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስኮቶች ቀና ብሎ የሚያይ ሁሉ የዚያን ትዝብት ፍሬ ነው የሚያየው። እነዚያ መምህራን ያደረጉት ነገር ምንድነው? ልጁ የተላከበትን ወረቀት ትተው ልጁን አዩት፤ ያዩትንም ነገሩት። ዛሬ በፈረንጅ አፍ «ጋይዳንስ» የምንለው ነገር ሲጠቀለል ይኸው ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። በዚያ ዘመን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሁሉ ብርቅ ነው። ባንኩም አየር መንገዱም መሥሪያ ቤቱም ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። ማትሪክ አለፈ ወይስ ወደቀ እንጂ ምን ይማር የሚለው ቤተሰብን እንቅልፍ አይነሳም ነበር፤ የትም ቢገባ ወንበር አለዋ! ትምህርት ማለት ቢሮ ማለት ነው የሚለው እምነት በልባችን ሥር የሰደደው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ኋላ ንግድ፣ እጅ ሥራ፣ እርሻና የቤት አያያዝ የሚያስተምሩ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቢቋቋሙም ይህን እምነት አልነቀሉትም።

እምነቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ በ1966 ዓ.ም. ታየ። መንግሥት በ1964 ዓ.ም. ባለሙያዎችን ሰብስቦ ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ጥናት አስጠንቶ ነበር። ጥናቱ መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ እንዲዳረስ፣ አብዛኛው ልጅ ጥቂት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻና ወደ እጅ ሥራ እንዲመለስ የሚያስብ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ክፋት የለበትም። መምህራንና ወላጆች ግን በወጉ አልመከሩበትም። ወላጅ የሰማው «የድሃ ልጅ ድሃ ሆኖ ይቅር ተባለ» የሚል ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ተማሪውና ወላጁም ከጎናቸው ቆመ። ጥናቱ ታገደ፤ ከወራት በኋላ ዙፋኑም ወደቀ። ዙፋኑን የጣለው ይህ ብቻ ነው ብል ታሪክ ይታዘበኛል። ነገር ግን ስለ ልጆች የወደፊት ሕይወት ሳያማክሩ መወሰን ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ደርግም አላማከረም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግሥ «ተመደበ» ነው። ተማሪው ለትምህርት ይመደባል፤ ሲመረቅም ለሥራ ይመደባል። ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ኩባ ሄዶ የተማረውም እንዲሁ። ብዙ ሰው ያልወደደውን ተምሮ ያልወደደው አውራጃ ገብቷል። ለእውነት ስንል ግን አንድ ነገር መመስከር አለብን። ያ ምደባ ሁለት ጫፍ ነበረው፤ መንግሥት «ይህን ተማር» ካለህ በኋላ «እዚህ ሥራ፣ ይህ ደመወዝህ ነው» ይልሃል። ምርጫህን ወስዶ እንጀራህን ይሰጥሃል። ውል ነው፤ መራራ ቢሆንም ውል።

ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ የሆነው ነገር ብዙ አልተነገረለትም። የሥራ ምደባው ቀረ፤ የትምህርት ምደባው ግን አልቀረም። የውሉ ግማሽ ተቀደደ፣ ግማሹ ጸና። መንግሥት «ይህን ተማር» ማለቱን ቀጠለ፤ ልጁ ተመርቆ «እሺ፣ ተማርኩ፤ ሥራውስ?» ሲል ግን «የራስህን ሥራ ፍጠር» ተባለ። በዚህ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት መጣ። ልጁ ላልመረጠው ትምህርት ከፋይ ሆነ ማለት ነው። አያቱ ተልከው ነበር፤ አባቱ ተመድቦ ነበር፤ እሱ ደግሞ ደረሰውና ዕዳው ጭምር ተጻፈበት። «ደረሰኝ» የሚለው ግሥ የተወለደው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ላኪ ኃላፊነት አለበት፤ መዳቢ ኃላፊነት አለበት። እጣ ግን ማን ይጠየቅበታል?

የቀረውን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ኖራችሁበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋቅሩን ለወጠ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና መጣ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ፈተና ወይ ወደ መሰናዶ ወይ ወደ ቴክኒክና ሙያ ተለየ። ቴክኒክና ሙያ «ነጥብ ያልመጣለት» የሚገባበት ቤት ሆኖ ተቆጠረና ብየዳና ኤሌክትሪክ በእኛው እጅ የቅጣት ስም ወጣላቸው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሰባ ለሠላሳ መጣ፤ ከመቶ ተማሪ ሰባው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተባለ። በ1983 ዓ.ም. በጣት ይቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። በሩ መስፋቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የገበሬው ልጅ ገብቶበታል። ለዚያ ሁሉ በር ግን አንድ ጠቋሚ ሰሌዳ አልተሰቀለም።

በመምህርነቴ ዘመን አዲስ ለሚገቡ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን «ይህን ትምህርት አንደኛ ምርጫው አድርጎ የሞላ እጁን ያውጣ» እል ነበር። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ የሚወጣው እጅ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ተነሥቶ «መምህር፣ እኔ አማርኛ እንደምችል አውቃለሁ፤ ዓመታት ሙሉ ለምን እንደምማረው ነው ያልገባኝ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የሥነ ጽሑፍ ተመራቂ ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ጋዜጣ ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ ትርጉም፣ ማስተማር እያልኩ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ይሁንና ይህን መስማት የነበረበት ቅጹን ከመሙላቱ በፊት እንጂ ዶርም ከገባ በኋላ አልነበረም።

ዛሬ ጉዳዩ ከምንጊዜውም ከብዷል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ በጥር 2015 ዓ.ም. ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ቢልም ነገሩ አልተለወጠም። ስለፈተናው ጥብቅነት ብዙ ተከራክረናል። ስለቀሩት ግን ማን ተናገረ? ጥቂቱ የማካካሻ ትምህርት ዕድል ያገኛል። ሌላው ቤቱ ይቀመጣል፣ ወይ ደላላ ፊት ይቆማል። «ወደቅህ» ብሎ የሚነግረው አገር በሙሉ ነው፤ «ከዚህ ወዲያ እነዚህ መንገዶች አሉ» የሚለው ግን አንድ ሰው የለውም።

«የምክር አገልግሎት በየትምህርት ቤቱ አለ» ትሉኝ ይሆናል። በብዙ ትምህርት ቤት ቢሮው አለ። ወደዚያ ቢሮ የሚጠራ ልጅ ግን ወይ አርፍዷል ወይ ተደባድቧል፤ መጨረሻውም «ወላጅ አምጣ» ነው። የምለው ቢሮ ውድ ዕቃ አይሻም። የሥራ ዓለምን የሚያውቅ፣ የክፍለ ጊዜ ጫናው የቀለለለት አንድ መምህር ይበቃል ለመነሻ። በወር አንድ ቀን ነርሷን፣ ቀያሹን፣ መካኒኩን፣ ሒሳብ ሠራተኛዋን ከሠፈሩ ጠርቶ «ጠዋት ስትገቢ ምን ትሠሪያለሽ? ምን ያስጠላሻል? ስንት ዓመት ፈጀብሽ? ደመወዙ ያኖራል ወይ?» ብለው ልጆቹ እንዲጠይቁ ማድረግ ይችላል። ይህም መሆን ያለበት በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ነው። አሥራ አንደኛ ላይ ተፈጥሮና ማኅበራዊ ተብሎ ከተለየ ግማሹ በር ተዘግቷል።

ወላጅም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። «ልጄ ዶክተር ነው የሚሆነው» የምንለው ልጁ ገና እርሳስ ሳይዝ ነው። ደም ሲያይ ራሱን የሚስት ልጅ ለእኛ ኩራት ሲል ሕክምና ይሞላል። እኛም በአቅማችን ላኪዎች ነን።

መንግሥት አገር ምን ሙያ እንደሚያስፈልጋት ማሰቡ ሥራው ነው፤ አልነቅፈውም። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ ግን ያ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠይቆ ሁለተኛው ተረስቷል። እንጀራውን መስጠት ያቆመ ምርጫውን ሊመልስ ይገባዋል፤ ምርጫ የሚመልስም መረጃውን አብሮ መስጠት አለበት። ምን እንዳለ የማያውቅ ልጅ ቅጽ ላይ ቁጥር መደርደሩ ምርጫ አይባልም።

እስከዚያው ግን በየቤታችን የሚቻል ነገር አለ። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ከቡናው በኋላ «ስንት አመጣህ?» የሚለውን ለአንድ ቀን ተዉትና ምን ሲሠራ ጊዜው እንደሚሮጥበት ጠይቁት። ቶሎ አይመልስላችሁም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚህ በፊት የጠየቀው የለምና ታገሱት።