ስለ «ብልየት»

በሰንበቴ የእሑድ ገበያ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም በሚገናኝበት በዚያ ሰፊ አደባባይ፣ ለጥላ የተወጠረ ላስቲክ ተሰነጣጥቆ ሲረግፍ «በሰበሰ» ሲባል እሰማለሁ፤ ነገር ግን ቃሉ ስፍራውን የሳተ ይመስለኛል። መበስበስ የእርጥበትና የጥቃቅን ሕያዋን ሥራ ሲሆን፣ ላስቲኩን የሚያጠፉት ብርሃንና አየር ናቸውና፤ ይኸውም የሞገድ ርዝመቱ ከ400 ናኖሜትር ያጠረው ልዕለ ሐምራዊ ጨረር ረጃጅሞቹን የሞለኪውል ሰንሰለቶች ሲበጥስ፣ ኦክሲጅን በተበጠሰው ጫፍ ገብቶ ዳግመኛ እንዳይጋጠም ይከለክለዋል፣ ጥፋቱንም ከአንዱ ሰንሰለት ወደ ሌላው ያዛምተዋል። ላስቲክ የሚለው ስም «ተለጣጭ» ማለት ከሆነ የአውሮፓውያን ቃል የመጣ በመሆኑ፣ ፀሐይ የምትነሣው ያንኑ ስሙን ያስገኘለትን ጠባይ ነው። ለጠፈር መንኮራኩሮች መሸፈኛ የሚሆነው፣ ብርቱ ሙቀት የሚችለው ካፕቶን የተባለው ስስ ገለፈት እንኳ፣ በመሬት ዙሪያ በዝቅተኛው ምሕዋር ሲከንፍ ገጹን አቶማዊ ኦክሲጅን ይበላዋል።

እንግዲህ ይህን የላስቲክ ጥፋት ምን እንበለው? «ዝገት» የብረት ነው፤ «እርጅና» ደግሞ ዕድሜን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። ግእዝ ግን ስለ ልብስ ማለቅ ሲናገር «በልየ» ይላል፤ ብሉይ ኪዳን የምንለውም ከዚሁ ግንድ የወጣ ነው። ስለዚህ ይህን ጥፋት «የብርሃን ብልየት» ብንለው ምክንያቱም ውጤቱም በአንድነት ይገለጣሉ። መምህራን ቃሉን በትምህርት ቤት ያስለምዱት፤ ገዢም ለፀሐይ የሚዘረጋ ላስቲክ ሲሻ፣ ጥቁር የካርቦን ዱቄት ወይም ሌላ የጨረር መከላከያ የተቀላቀለበትን ይምረጥ፤ ብልየቱ የሚዘገየው በዚህ ነውና።