ሃያ ስኒ ሽምብራ

በጆሃንስበርግ ያደጉ የሀበሻ ልጆች የሶዌቶ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1976 ለምን አደባባይ እንደወጡ አሳምረው ይናገራሉ፤ በአፍሪካንስ ተማሩ ስለተባሉ ነው። ስለ የካቲት 1966 ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የእኛ የወላጆች ነው፤ የአብዮቱን ደም እንጂ ምክንያቱን አልነገርናቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ሀበሻው ዛሬም ጄፒ ከሚለው መንገድ አጠገብ፣ ጥቂት ልጆች ሰብስቤ 20 ስኒ ሽምብራ ጠረጴዛ ላይ አፈሰስሁ። አንዱ ባለርስት፣ ስድስቱ የጭሰኛ ቤተሰብ ሆኑ። ጭሰኛው እኩል አራሽ ነውና 10 ስኒ ለባለርስቱ ሄደ። ሁለቱን ለዘር አስቀመጥን። የቀረው 8 ስኒ ለስድስት አፍ፣ ለዓመት። «ዝናብ ባይጥልስ?» አለች አንዲት ልጅ። ስለ ወሎ ረሃብ ለመናገር ከዚህ የተሻለ በር አላገኘሁም። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ የተሰለፈው በ1957፣ ረሃቡ ከመክፋቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ መሆኑን ነገርኋቸው። የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውኃ ምክንያት ማመፃቸውን፣ ታክሲ ነጂውና መምህሩ በየካቲት ሥራ ማቆማቸውንም አስከተልሁ።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅን ሲያወጣ አዲስ አበባ በደስታ ሰልፍ ተጥለቀለቀች። ባለርስት የሆነው ልጅ «ታዲያ መሬቱ የአራሹ ሆነ?» አለ። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ነገርሁት፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም።

እጁን ከ10ሩ ስኒ ላይ ሳያነሳ፣ «መንግሥትስ በየትኛው ወንበር ይቀመጥ?» አለኝ።