የሙሽራዋን ልብስ የሚተኩሰው ማን ነው?

የንባብ ክፍል፦ ኤፌሶን 5፥25-27፤ ራእይ 19፥7-8



ያለፈው ጥር፣ ዓርብ ማታ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። በማግስቱ የምታገባው አብራን የምትጸልይ እኅታችን ናት። የተከራየችው ቬሎ በትልቅ ፌስታል ታጭቆ መጣና ሲገለጥ፣ ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ ጭምድድ ብሏል። ካውያ ተሰካ። ገና ሳይግል መብራት ጠፋ። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ አልመጣም።

ሚዜዎቹ ይሯሯጣሉ። አንዷ ምድር ቤት ከሚኖሩ እናት የከሰል ካውያ ልትዋስ ወረደች። ሙሽራዋ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ለልብሱ የምታለቅስ መስሎን ልናባብላት ሞከርን። «ተዉት፤ ድሮም ነጭ ለእኔ አይገባኝም ነበር» አለች። ወደ ጌታ ከመምጣቷ በፊት ያለፈችበትን የምናውቅ ሁሉ ዝም አልን። (ይህን የምጽፈው በእርሷ ፈቃድ ነው።)

ያ ንግግር ከልቤ አልወጣ አለ። ከሰርጉ በኋላ ሰዎች ልብስን ከመጨማደድ እንዴት ሲያወጡ እንደኖሩ ማንበብና ታላላቆችን መጠየቅ ጀመርኩ። መንገዱ ከእንዶድ ተነሥቶ ኤፌሶን መልእክት ላይ አደረሰኝና ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ካውያ ሳይኖር

እናቶቻችንና አያቶቻችን ሸማ የሚያነጡት በእንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል። ልብሱ ወንዝ ዳር በእግር ይረገጣል፣ ይጨመቃል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር እንደነበር ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰምተናል። የታጠበው ሸማ ሲደርቅ ተወጥሮ ይታጠፍና ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሱሪውን ፍራሽ ሥር ዘርግቶ ተኝቶ፣ ጠዋት እንደ ተተኮሰ አድርጎ የለበሰ ተማሪ ዛሬ አያት ሆኖ በመካከላችን አለ።

ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈበት ዘመንም እንዲሁ በእግር የሚረግጡ፣ ልብስን ማንጻት ሙያቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔ ከተማ፣ ከአንድ የልብስ አጣቢዎች ቤት የተገኘ የግድግዳ ሥዕል ሥራቸውን ያሳያል፤ በገንዳ ውስጥ ጨርቅ የሚረግጡ ሰዎችና ልብስ በሁለት ሳንቃ መካከል አድርጎ በጠመዝማዛ እንጨት የሚጫን ትልቅ መጫኛ ይታያሉ። መጽሐፍ ቅዱስም እነዚህን ባለሙያዎች ያውቃቸዋል። ሚልክያስ 3፥2 የጌታን መምጣት ከአጣቢ ሳሙና ጋር ያነጻጽራል፤ ማርቆስ 9፥3 የጌታ ልብስ በተራራው ላይ የነጣው በምድር ያለ አጣቢ ሊያነጣው እስከማይችል ድረስ እንደሆነ ይነግረናል።

ብረት፣ ከሰልና ቬሎ

በጋለ ነገር ጨርቅ ማቅናት ጥንታዊ ነው። ቻይናውያን ፍም የተሞላ የብረት መጥበሻ የሚመስል ዕቃ በሐር ላይ ሲገፉ ኖረዋል። እኛ ዘንድ ለብዙ ዓመት ያገለገለው ሆዱ ፍም የሚሞላ፣ ክዳን ያለው የከሰል ካውያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ሄንሪ ሲሊ የሚባል የኒውዮርክ ሰው ለኤሌክትሪክ ካውያ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ኤሌክትሪክ ካውያ ግን ያለ መብራት ብረት ብቻ ነው። የአገራችን የውኃ ኃይል ማመንጫዎች በኩር የሆነው አባ ሳሙኤል የተሠራው እዚሁ ጎረቤታችን፣ አቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ያን ማታ በጨለማ ተቀምጠን ይህን ሳስብ ፈገግ አልኩ።

የሰርግ ልብሱም የራሱ ታሪክ አለው። «ቬሎ» የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙ የፊት መሸፈኛ፣ ዓይነ ርግብ ማለት ነው። እኛ ቃሉን ወስደን ለሙሉ ልብሱ ሰጠነው። በአውሮፓ ሙሽራ ነጭ መልበሷ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1840 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ነጭ ሳቲን ለብሳ ካገባች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ሙሽሮች ያላቸውን ጥሩ ልብስ፣ ቀለም ያለውንም ይለብሱ ነበር። ነጩ ለእኛ ግን አዲስ አይደለም። ሸማኔ የሠራው ነጭ ቀሚስ፣ ጥለቱ፣ በላዩ የሚደረበው ካባ ቬሎ ከመምጣቱ በፊት ነበሩ።

ልዩነቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። ሸማ ጥጥ ነው። ጥጥ ረጠብ ብሎ ሲሞቅ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማያያዣዎች ይላላሉ፤ በዚያ ሁኔታ ተወጥሮ ሲደርቅ የያዘውን ቅርጽ ይጠብቃል። ስለዚህ ብርቱ ሙቀትና ክብደት ይችላል። ዛሬ በኪራይ የሚገኘው አብዛኛው ቬሎ ግን ፖሊስተር ነው። ልብስ ላይ ከተሰፋው ምልክት ውስጥ ያሉትን የካውያ ነጠብጣቦች አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ነጠብጣብ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሦስት ከፍተኛ ሙቀት ማለት ነው። ለጥጥ የሚሆነው የሦስት ነጠብጣብ ሙቀት ስሱን ፖሊስተር ያኮማትረዋል፤ ካውያው ላይም ያጣብቀዋል።

የዚያ ማታ መፍትሔ

የካውያው ባለቤት ካውያቸውን ለሚዜዋ ብቻ ሰጥተው አልቀሩም፤ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ። ድሮ ላውንደሪ ቤት ሠርተዋል። ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ልጆቼ፣ ይሄ ጥጥ አይደለም። በዚህ ካውያ ከነካችሁት ነገ ሙሽራ የለም» አሉ።

ከሰሉ ካውያው ውስጥ መግባቱ ቀርቶ፣ ጭሱ ቤት ውስጥ እንዳይቀር ምድጃው ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀጣጠለ፤ ትልቅ ድስት ውኃ ተጣደ። ቬሎው መሬት እንዳይነካ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከፍ ተደርጎ ተሰቀለ። የፈላው ውኃ በባልዲ ገብቶ በሩ ተዘጋ። ሻማ አጠገቡ እንዳይደርስ ከልክለው በሞባይል መብራት ነበር የምንሠራው። እንፋሎቱ ልብሱን ሲያለሰልሰው፣ እማማ ንጹሕ ነጠላ በእጃቸው ጠቅልለው ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀስ እያሉ ይዳብሱታል። የቀሚሱ የራሱ ክብደት ደግሞ ወደ ታች ይስበዋል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ሌላ ውኃ። እስከ እኩለ ሌሊት እንዲህ ሆነ።

ጠዋት ሙሽራዋ ስትለብሰው ከኋላ በኩል አንድ እጥፋት ቀርቶ ነበር። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ልታቃናው ስትታገል ሌላው ተጨማደደ። እማማ እጇን ያዙና «ልጄ፣ የለበስሽውን ራስሽ አትተኩሺም። ዝም ብለሽ ቁሚ» አሏት። ጎንበስ ብለው አቀኑላት። ሙሽራዋ እንደገና አለቀሰች፤ ይህኛው ለቅሶ ግን የማታው ዓይነት አልነበረም።

ታጥፋ የተቀመጠች ቤተ ክርስቲያን

ልብስ ሁልጊዜ በባለቤቱ ጥፋት አይጨማደድም። በጠባብ ቦታ ታጥፎ ስለቆየ ብቻ የሚጨማደድ አለ። ይህን ስል በደርግ ዘመን የነበረችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ትዝ ትለኛለች።

መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም ታፍነው ተወስደው ተገድለዋል። ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ምእመናን በየቤቱ፣ መጋረጃ ዘግተው፣ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይሰበሰቡ ነበር። ብዙ ሰው በአንድነት ሊቆምባቸው ከሚችሉት ጥቂት ቦታዎች ሁለቱ ልቅሶና ሰርግ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሰርግ ዝማሬ የሚሰማበት፣ ቃል የሚሰበክበት፣ ያላመነ ጎረቤት ወንጌል የሚሰማበት ጉባኤ ሆነ። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ ስትቆም፣ መድረክ የተነፈገችው ቤተ ክርስቲያን አብራት ትቆም ነበር።

መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላቷ፣ በ1983 ዓ.ም ነፃነት ሲመጣ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ድንቅ ነው። ሆኖም ታጥፎ የኖረ ልብስ ሲዘረጋ እጥፋቱ እንደሚታይ፣ የፍርሃትና የመጠራጠር መስመሮችም በብዙዎቻችን ላይ ታይተዋል። ዛሬ ደግሞ ያለ ማንም አሳዳጅ ራሳችን የጨመርናቸው አሉ፦ መለያየት፣ ዝና ፍለጋ፣ ወንድምን በአደባባይ ማዋረድ። እውነቱን እንናገር፤ ሙሽራዋ ገና አልተስተካከለችም።

ግሱን የሚሠራው ማን ነው?

ኤፌሶን 5፥27 ላይ ጳውሎስ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ሩቲስ» ነው፤ በአዲስ ኪዳን ውስጥ የሚገኘው በዚህ ቦታ ብቻ ነው። ቃሉ በተለይ በፊት ላይ የሚወጣን መጨማደድ ይናገራል፤ የቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችንም ፊትን ጠርቶ ነው የተረጎመው። ስለዚህ ነገሩ ከልብስ ያልፋል። ዓመታት፣ ኃጢአትና ኀዘን በራሷ በሙሽራዋ ፊት ላይ የጻፉትን ነው የሚናገረው። የፊትን መጨማደድ ደግሞ የትኛውም ካውያ አያቀናውም።

አሁን ከቁጥር 25 እስከ 27 ያሉትን ግሶች በጣታችሁ እየቆጠራችሁ አንብቡ። የወደዳት ማን ነው? ራሱን የሰጠላት? የሚያነጻት? የሚቀድሳት? ያለ ነውር አድርጎ የሚያቀርባት? ሁሉም ክርስቶስ ነው። በእኛ አገር ሙሽራን አባቷ ወይም ሽማግሌ ያቀርባታል። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥2 ራሱን እንደ እንዲህ ያለ አቅራቢ ያያል። እዚህ ግን ሙሽራው ራሱ ሙሽራዋን ለራሱ ያቀርባል። ራእይ 19፥7 ሙሽራዋ ራሷን እንዳዘጋጀች ይናገራል፤ ወዲያው ቁጥር 8 የለበሰችው ቀጭን በፍታ የተሰጣት እንደሆነ ይገልጻል። ዝግጅቷ የተሰጣትን መልበስ ነው።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ «ትንሽ ልስተካከልና ቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ» እያልክ፣ እያልሽ ዓመታት አልፈው ይሆናል። የለበሱትን ራስ መተኮስ አይቻልም። እጅህን ወደ ኋላ ዘርግተህ በታገልክ ቁጥር ሌላው ይጨማደዳል። እንዳለህ ና፤ በፊቱ ቁም።

በአማርኛችን ጠመንጃም ይተኮሳል፣ ቁስልም በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ ልብስም ይተኮሳል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብዙዎች እግዚአብሔር ሊያቀናቸው ሲቀርብ የሚሸሹት፤ የሚያውቁት መቃጠሉን ብቻ ነው። እርሱ ግን የሠራውን ክር ያውቃል። ምን ያህል ሙቀት እንደምትችል፣ የት ጋ በእንፋሎትና በትዕግሥት መያዝ እንዳለብህ አይሳሳትም። እኛም በቤተ ክርስቲያን ያለን ከእርሱ እንማር። ለጥጥ የሚሆነውን ፍም ይዘን ስስ ልብስ ላይ የጫንበት ጊዜ የለም? ተጣብቆ የተቀደደ፣ ከመካከላችን ወጥቶ ያልተመለሰ ወጣት የለም?

እኅታችን በዚያ ቅዳሜ አገባች። ቬሎው ሰኞ ዕለት ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ምናልባት ዛሬም በሌላ ፌስታል ውስጥ ታጥፎ ይሆናል። እርሷን ያለበሳት ጌታ የሰጣት ልብስ ግን የኪራይ አይደለም።

ለማሰላሰል፦ በራሴ እጅ ላቃናው እየታገልኩ ያለሁት የሕይወቴ እጥፋት የትኛው ነው? ከእኔ ይልቅ ስስ የሆነውን ሰው የምይዘው በምን ዓይነት ሙቀት ነው?

ጸሎት፦ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ራስህን ስለ እኛ ሰጥተሃልና እናመሰግንሃለን። እኛ ልንደርስበት ያልቻልነውን አንተ አቅናው። ቤተ ክርስቲያንህን በምሕረትህ ለራስህ አቅርባት። አሜን።