ከካርታ እስከ ሂስቶግራም

«ፒያሳ ደርሼ የቤቴን ካርታ ኮፒ ላስደርግ» የሚል የደሴ ሰው ሁለት የጣሊያንኛ ቃላት አከታትሎ መጥራቱን ልብ አይለውም። ፒያሳ አደባባይ ነው፤ ሥሩም ግሪኮች ሰፊውን መንገድ «ፕላቴያ» ያሉበት ቃል ነው። የካርታ ሥር ደግሞ «ኻርቴስ» ነው፤ በግሪክኛ የፓፒረስ ወረቀት ማለት ነው።

ኻርቴስ ወደ እኛ የመጣው ደጋግሞ ነው። በግዕዝ መጻሕፍት «ክርታስ» ሆኖ ከጥንት ጀምሮ አለ። በጣሊያንኛ በኩል ካርታና ካርቶን ሆኖ ተመለሰ፤ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ዞሮ ደግሞ «ቻርት» ተብሎ ገባ። ስለዚህ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የክትባቱን ቁጥር የሚያሳየው ቻርትና በሣጥን የሚቆለፈው የቤት ካርታ የአንድ ቃል ዘር ናቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ሰንጠረዥ ነው። መነሻው የሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» ሲሆን ትርጉሙ ባለ አራት ክፍል ነው፤ ዝሆን፣ ፈረስ፣ ሠረገላና እግረኛ ያሉት ጦር። በፋርስና በዐረብ አድርጎ፣ ዐረቦች «ሸትረንጅ» እያሉት፣ መኳንንቶቻችን ሲጫወቱት የኖሩት ሰንጠረዥ ሆነ። የጥንቱ ጨዋታ ከነደንቡ ሊረሳ ሲደርስ ቃሉ ግን አልሞተም። አራት ማዕዘን ቤቶቹን ይዞ ወደ ቢሮ ገባ፤ ዛሬ በረድፍና በዓምድ የተደረደረ ቁጥር ሁሉ ሰንጠረዥ ይባላል።

ሂስቶግራም ከእነዚህ ሁሉ ታናሽ ነው። ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን ነው፤ በ1895 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍም ትርጉሙን አስፍሮታል። ብዙ መዝገበ ቃላት ሥሩን «ሂስቶስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ይመዝዙታል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር፣ የመርከብ ምሰሶ፣ የሸማኔ ዕቃ ማለት ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላላት ኮምቦልቻ ይህ ሥር ሩቅ አይደለም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ባለ ዓምድ ሥዕል ሁሉ «ባር ግራፍ» ሲባል እሰማለሁ፤ ይህ ያሳስበኛል። የኮምቦልቻን ዝናብ ወር በወር ብንሥለው ባር ግራፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ወር ራሱን የቻለ ስም ስላለው በዓምዶቹ መካከል ክፍተት ይተዋል። በበልግ ዝቅ ያሉ ዓምዶች ይታያሉ፤ ሰኔ አካባቢ ያሽቆለቁላሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሁሉም በላይ ይወጣሉ። ይህን የሰኔ ጉድለት የዓመቱ ድምር ብቻውን ይደብቀዋል፤ ለወሎ ገበሬ ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ሂስቶግራም የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ በስንት ቀን ምን ያህል ዘነበ? ከ0 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ከ5 እስከ 10፣ እያልን ቀኖቹን እንመድባለን። ልኬቱ ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል ዓምዶቹ ይገጣጠማሉ፤ ቦታቸውንም ማለዋወጥ አይቻልም። ፒርሰን የድግግሞሹ መለኪያ ያደረገው የዓምዱን ስፋት ነው፤ ቁመቱን ብቻ አይደለም። ሁለቱን ምድቦች አዋህዶ ከ0 እስከ 10 አንድ ዓምድ የሚሠራ ተማሪ ወርዱን እጥፍ ስላደረገ የቀኖቹን ድምር እንዳለ ቁመት አድርጎ ማቆም የለበትም፤ ለሁለት ማካፈል አለበት።