የንግሥት እሌኒ ደብዳቤና የላሊበላ ዜና

ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ በላስታ ደጋ፣ ከአለት የተፈለፈሉትን ዐሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ቅዱስ ላሊበላ እንዳነጻቸው፣ ከእነርሱም ቤተ አባ ሊባኖስን ንግሥት መስቀል ክብራ በመላእክት ረዳትነት እንዳሳነጸችው ካህናቱ ለተሳላሚው ሁሉ ሲተርኩ ይኖራሉ፤ ይህም ትውፊት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ ማንም የሚዘነጋው አይደለም። ነገር ግን የእነዚሁ ቅዱሳት መካናት ዜና ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ በማተሚያ ቤት ታትሞ ይነበብ ዘንድ ምክንያት የሆነችው፣ መስቀል ክብራ ካረፈች ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተነሣች ሌላ ንግሥት መሆንዋን የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። እርስዋም ንግሥት እሌኒ ናት።

እሌኒ የሐድያው ገራድ ልጅ ሆና በእስልምና ቤት የተወለደች፣ ኋላ ግን ጥምቀተ ክርስትናን ተቀብላ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የሆነች ሴት ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1468 ሲያርፍ (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) ልጁ ዐፄ በእደ ማርያም የገዛ እናቱን በሞት ያጣ ነበርና እሌኒን በእናት ወግ አከበራት። የእርሱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለ እርስዋ ሲናገር በሃይማኖትዋ የጸናች፣ ጸሎትና ቅዱስ ቍርባን የማታስታጕል፣ በዓለማዊውም ነገር ማዕድ ማዘጋጀትን፣ መጻሕፍትን፣ ሕግንና የመንግሥትን ጉዳይ ጠንቅቃ የምታውቅ እንደ ነበረች መስክሮላታል። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ማሞገስ ልማዱ ቢሆንም፣ ማዕዱንና ሕጉን፣ መጽሐፉንና የመንግሥቱን ምክር በአንድ ሴት ላይ አስተባብሮ ያመሰገነበት ቃል ከልማድ ውዳሴ የሚያልፍ ይመስለኛል። ከበእደ ማርያም በኋላ እስክንድርና ናዖድ ነገሡ፤ ናዖድም በ1508 ሲያርፍ ልጁ ልብነ ድንግል ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሆነው ብላቴና ስለ ነበር፣ በዕድሜ የገፋችው እሌኒ ሞግዚት ሆና የመንግሥቱን ምክር ያዘች።

በዚያ ጊዜ የቀይ ባሕር ነገር እጅግ ተለዋውጦ ነበር። የምስሩ ሱልጣን መርከብ ያሠራል፤ ፖርቱጋሎችም የአፍሪካን ጫፍ ዞረው ወደ ህንድ ባሕር ገብተዋል፤ በእስክንድር ዘመን የመጣው ጴሮ ዳ ኮቪልያ የሚባለው ፖርቱጋላዊም እንዳይመለስ ተከልክሎ በዚሁ አገር ሚስት አግብቶ ይኖር ነበር። ከእስላም ቤት ተወልዳ በክርስቲያን ቤተ መንግሥት ያረጀችው እሌኒ የሁለቱን ወገን ኃይል መመዘን የምትችል ነበረችና፣ በ1509 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ አስጽፋ፣ ከግማደ መስቀሉ ክፋይ ጋር፣ ማቴዎስ በሚባል የአርመን ነጋዴ እጅ ሰደደች። ደብዳቤው በሥሉስ ቅዱስ ስም ጀምሮ የምስር መርከብ መሰናዳቱን ያወሳል፤ በየብስ ለሚደረገው ጦርነት ሠራዊትና ስንቅ ሞልቶ እንደሚገኝ፣ በባሕር ግን ኃይል እንደሌለ ሳይሸሽግ ይናገራል፤ የሁለቱም መንግሥታት ልጆች በጋብቻ ይተሳሰሩ ዘንድ ይጠይቃል። የጎደለውን ሳይደብቁ፣ ያለውንም ሳያሳንሱ፣ ክብርን ጠብቆ ወዳጅነትን መለመን የመልእክት ጥበብ ከሆነ፣ ይህ ደብዳቤ የጥበቡ አብነት ነው።

ደብዳቤውን የያዘው ሰው መከራ በዛበት። ማቴዎስ በ1512 በህንድ ወዳለችው የፖርቱጋሎች ከተማ ወደ ጎዋ ቢደርስም፣ ሰላይ ነው፣ ሐሰተኛ ነው እየተባለ በመርከብ ላይ ተንገላታ፤ ንጉሥ ማኑኤል ግን በ1514 በክብር ተቀበለው። ከእርሱ ጋር እንዲመለስ የታዘዘው መልእክተኛ ዱዋርቴ ጋልቫውን በቀይ ባሕር ደሴት በካማራን ሞተ። በ1520 ሮድሪጎ ዴ ሊማ የሚመራው የፖርቱጋል መልእክተኞች ጓድ ምጽዋ ሲወርድ ማቴዎስም አብሮ ነበር፤ የላከችውን ንግሥት ዓይን ሳያይ ግን በዚያው ዓመት በደብረ ቢዘን ዐረፈ።

እሌኒ ከመንግሥት ጉዳይ ሌላ መንፈሳዊ ድርሰትም እንደ ነበራት ፖርቱጋላዊው ሊቅ ዳሚያውን ዴ ጎይሽ ዘግቦአል። ሁለት መጻሕፍት እንደ ጻፈች ይነገራል፤ አንደኛው እንዚራ ስብሐት ሲሆን ስለ ሥላሴና ስለ እመቤታችን ድንግልና የሚናገር፣ ሁለተኛው ጸዳለ ፀሓይ ተብሎ ስለ ሕገ እግዚአብሔር የሚያስተምር ነው። በሴት ስም የሚጠራ ድርሰት እጅግ ብርቅ በሆነበት ዘመን የነፍስን ትጋት የሚያነቃ ቃል ከንግሥት ብዕር መውጣቱ ሊዘከር የሚገባው ነገር ነው።

ወደ ላስታ እንመለስ። ከሮድሪጎ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ ሲቀመጥ ቡግና ደርሶ የይምርሐነ ክርስቶስን ዋሻ ቤተ ክርስቲያን አየ፤ ላሊበላንም ተሳልሞ መድኃኔ ዓለምን፣ አማኑኤልን፣ ጊዮርጊስን፣ ጎልጎታን፣ መርቆሬዎስንና ሌሎቹንም በየስማቸው ጻፈ። ሥራው ሃያ አራት ዓመት እንደ ፈጀ ካህናቱ የነገሩትን መዘገበ፤ የጻፈውን ሁሉ በአገሩ የሚያምነው እንደማይኖር ፈርቶም በእግዚአብሔር ስም ማለ፤ ከዚያ በላይ መጻፍም ሰለቸኝ አለ። መጽሐፉ በ1540 በሊዝቦን ታተመ። የእሌኒ ደብዳቤ ባይላክ ኖሮ ይህ ቄስ የላስታን መሬት ባልረገጠ ነበር።

ልብነ ድንግል በበኩሉ ጎልማሳ ሆኖ የአዳሉን መሐፉዝን ድል አድርጎ ስለ ነበር የአሮጊቲቱ ምክር ያን ያህል አላስፈለገውም፤ የፖርቱጋልን ጓድ በብዙ ጥርጣሬ አስቀመጠው። እሌኒ እንግዶቹ ገና ሳይመለሱ ዐረፈች። ሕዝቡ እርስዋ ሳለች ሁሉም ተጠብቆ ይኖር እንደ ነበረ፣ ስትሞት ግን ታላቁም ታናሹም እንደ ሞተ ይናገር ነበር ሲል አልቫሬዝ ጽፎአል። ብዙ ዓመት ሳያልፍ የግራኝ አሕመድ ጦር አገሩን አጥለቀለቀ፤ በ1541 የፖርቱጋላዊው የክርስቶፎሮ ዳ ጋማ አራት መቶ ወታደሮች ምጽዋ ሲደርሱ የእሌኒ ልመና ሠላሳ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ተፈጸመ።

እንግዲህ የላሊበላ ካህናትና መሪጌቶች፣ የላስታም መምህራን፣ ለተሳላሚውና ለተማሪው የመስቀል ክብራን ዜና በምትነግሩበት ጊዜ የእሌኒን ስም አብራችሁ አንሡ፤ የደብራችሁ ስም በዓለም መጻሕፍት የገባው በእርስዋ ደብዳቤ በኩል ነውና።